«ሊደር ሁን» ለተባለ ልጅና ለወላጆቹ

(በማኅበራችን የወላጆችና የወጣቶች ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተደረገ ንግግር። በስብሰባው ላልተገኙ ነዋሪዎች እንዲደርስ በሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።)



ዛሬ የምናገረው ስለ ጥበቃ መዋጮ አይደለም፤ እሱ በሚቀጥለው ስብሰባ ይቀርባል። ስለ ውኃ መውረጃውም አይደለም። የዛሬው ነገር ስለ ስልክ ጌም ነው። ከኋላ የሳቃችሁ አላችሁ፤ ሳቁ፣ ግድ የለም። ነገር ግን ከመስከረም ወዲህ ብቻ ሦስት ቤተሰብ በዚሁ ጉዳይ ተኳርፎ ወደ ቢሮ ስለመጣ ኮሚቴው «አንተው ተናገርበት» ብሎ እኔ ላይ ጣለው። እኔ ትምህርቴ እስከ 6ኛ ክፍል ነው፤ ኮምፒዩተር የሚባለውንም የማውቀው ደብዳቤ ከማስጽፍበት ቤት ነው። ስለሆነም ስለ ጌሙ የምነግራችሁ ልጆቹ ሦስት ምሽት ቁጭ አድርገው ያስረዱኝን ነው። ስለ ኃላፊነት ግን ማንም እንዲያስረዳኝ አልፈልግም። በዚህ ማኅበር ጸሐፊነት 11 ዓመት፣ ከዚያም በፊት በዕድር ገንዘብ ያዥነት ቆይቻለሁና እሱን አውቀዋለሁ።

ጌም መጫወት ደግ ነው ወይስ ክፉ ነው የሚለውን ክርክር ዛሬ አላነሣም። እሱ በየቤቱ በየማታው የሚካሄድ ነው። የዛሬው ጥያቄ ሌላ ነው። ልጁ የሚጫወትበት ቡድን «አንተ ምራን» ሲለው ይቀበል ወይስ ይተው? ወላጅስ ምን ይበል?

መጀመሪያ ለማታውቁት ላስረዳ። ክላሽ ኦፍ ክላንስ የሚባል ጌም አለ። ሱፐርሴል የሚባል የፊንላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው ነው። ተጫዋቹ በስልኩ ላይ መንደር ይሠራል፤ ግንብ ያጥራል፣ ወታደር ያዘጋጃል። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ እኛን ባላስቸገረን ነበር። ግን ክላን የሚባል ማኅበር አለው፤ አንድ ክላን እስከ 50 አባል ይይዛል። አባላቱ ወታደር ይረዳዳሉ፤ አንዱ ሲጠይቅ ሌላው ይሰጠዋል፤ እኛ ለድግስ ድስትና ወንበር እንደምንዋዋሰው መሆኑ ነው። ከሌላ ክላን ጋር ደግሞ ጦርነት ይገጥማሉ። አንድ ቀን ያህል መዘጋጃ፣ አንድ ቀን መዋጊያ አለው። እያንዳንዱ ተሰላፊ 2 ጊዜ የማጥቃት ዕድል ይሰጠዋል፤ ሳይጠቀምበት ሰዓቱ ካለፈ ዕድሉ ተቃጠለ፤ ጉዳቱም ለሁሉም ይተርፋል። ጠቡ የሚጀምረው ታዲያ እዚህ ላይ ነው።

ማዕረግም አላቸው። ተራ አባል አለ። ከሱ በላይ ኤልደር ይባላል፤ ሽማግሌ ማለት ነው። (ጢም ያልበቀለው ልጅ ሽማግሌ ሲባል ስሰማ እኔም ስቄያለሁ።) ከዚያ ምክትሉ ኮ-ሊደር፤ ከሁሉም በላይ ሊደር። ኮ-ሊደር ብዙ ሊሆን ይችላል፤ ሊደር ግን አንድ ብቻ ነው።

ሊደሩ ምን ይሠራል ብትሉ፣ እኔም ጠይቄአለሁ። አዲስ ሰው ያስገባል፣ ያጠፋውን ያስወጣል፣ ማዕረግ ይሰጣል፣ ይገፍፋል፣ ጦርነት ያስጀምራል፣ ማን ይሰለፍ ማን ይቅር ይወስናል። ይኽን ምክትሎቹም በብዛት ሊሠሩት ይችላሉ። ነገር ግን የሚጠየቀው እሱ ነው። እኛስ ዘንድ ቢሆን ድንኳኑ ሲዘገይ የሚወቀሰው ዳኛው አይደለም እንዴ? ድንኳን ተካዩን ማን ያስታውሰዋል!

በወር አንድ ጊዜ ደግሞ ሊግ የሚሉት አለ። ለ7 ቀን በየቀኑ ውጊያ ነው፤ ለአንድ ሰው በቀን 1 ጊዜ ማጥቃት ብቻ ይፈቀዳል። ሲያልቅ ለሁሉም ተሳታፊ ሜዳሊያ ይደርሳል፤ ከዚህ በላይ ግን ለጥቂቶች ብቻ የሚሰጥ ተጨማሪ ሜዳሊያ አለ። ማን ያገኛል? አመራሩ የመረጠው። ዕቁብ የጣላችሁ ሁሉ አሁን ገብቷችኋል። በዕቁብ ቢያንስ ዕጣ አለ፤ ዕጣ ላይ ማንም አይከራከርም። እዚህ ግን «ለወንድምህ ሰጠኸው»፣ «ለጓደኛህ አዳላህ» የሚባለው ልጁ በስሙ ነው። ልጆቹ እንደነገሩኝ ክላን የሚፈርሰው በጠላት ተሸንፎ ሳይሆን በዚህች ሜዳሊያ ነው። እኔ አልገረመኝም።

እንግዲህ ወደ ሰፈራችን ልጆች ልምጣ። ስም አልጠራም፤ እናንተም አትጥሩ።

አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ አለ። በክላኑ ውስጥ 37 ሰው ነበረ። የቀድሞው ሊደር «ሰለቸኝ፣ አንተ ያዝልን» አለው። ግማሹ አባል እዚሁ አዲስ አበባና ሐዋሳ ያለ ነው፤ ሌላው ሪያድና ዱባይ ለሥራ የሄደ፣ ጥቂቱም ዋሽንግተን ያለ የኛው ልጅ ነው። የሪያዱ ሰዓቱ ከኛ ጋር አንድ ነው፤ የዱባዩ በአንድ ሰዓት ይቀድመናል፤ ችግር የለውም። የዋሽንግተኑ ግን ከሥራ ገብቶ፣ እራቱን በልቶ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ስልኩን ሲያነሣ እኛ ጋ ከሌሊቱ 10 ወይም 11 ሰዓት ነው። እሱ በሰዓቱ ነው የተጫወተው፤ ምን አጠፋ? የኛው ልጅ ነው ከእንቅልፉ የሚነሣው። እናቱ ለኔ ሲነግሩኝ «ልጄ ሌሊት ሌሊት ስብሰባ አለው፤ ሥራ የያዘ መስሎኝ ነበር» አሉ።

አባቱ ነገሩን ሲያውቁ «ጨዋታ ነው፣ አጥፋው!» ብለው ስልኩን ወስደው ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፉበት። ውጊያው እየተካሄደ ነበር። ልጁ ሁለት ቀን ከቤተሰቡ ጋር ገበታ አልቀረበም።

በዚህ ላይ የኔ አስተያየት ይኽ ነው፤ ጋሼ ቅር እንዳይሉኝ። በሰዓቱ ነገር አባት ልክ ናቸው። የተማሪ ልጅ ከሌሊቱ 10 ሰዓት እንቅልፍ ላይ ነው መሆን ያለበት። «ጨዋታ ነው» ባሉት ግን አልስማማም። ጌሙ ጨዋታ ነው፤ 37ቱ ሰዎች ግን ሰዎች ናቸው። ከመካከላቸው በሰው አገር በአንዲት ክፍል ውስጥ ብቻውን የሚኖር፣ በቀን ውስጥ አማርኛ የሚያወራው በዚህ ክላን ብቻ የሆነ አለ። የዕድራችን ዳኛ የድንኳኑን ቤት ቁልፍ ይዞ በለቅሶ ቀን ቢጠፋ ምን እንላለን? ልጁም የተሰማው እንዲሁ ነው። ስለዚህ ኃላፊነቱን ማስጣል ተገቢ ሆኖ ከተገኘ፣ ልጁ አስረክቦ እንዲወጣ ቢያንስ የአንድ ምሽት ጊዜ ይሰጠው። ማስረከቡ ቀላል ነው። ሊደሩ ሌላውን ሊደር ሲያደርግ እሱ ራሱ ኮ-ሊደር ይሆናል፤ ከክላኑ አይባረርም። ይኽን ወላጆች እወቁት፤ «አንዴ ከገባሁ መውጫ የለኝም» የሚል ልጅ ካለ አለው።

አሁን ደግሞ ወደ እናንተ ወደ ወጣቶቹ።

ሰው ሹመት ሲሰጠው መጀመሪያ ደስ ይለዋል። ይኽ ነውር አይደለም። በትምህርት ቤት ማንም ያላየው ልጅ 40 ሰው «አንተ ትሻለናለህ» ሲለው ደረቱ ይነፋል፤ ይንፋ። ከደስታው በኋላ ግን አንድ ነገር ጠይቁ፤ ለምን እኔን? እኛ በዚህ ማኅበር ምርጫ ስናካሂድ የምታዩትን ታውቃላችሁ። ሁሉም መሬት መሬት ያያል፤ በመጨረሻም ያልመጣው ሰው ይመረጣል። እናንተም የተመረጣችሁት ስለምትችሉ ይሁን ወይስ ሌሊት ነቅታችሁ ስለምትገኙ አጣሩ። የቀድሞው ሊደር ለምን እንደሚለቅ ጠይቁት። «ሰለቸኝ» ካለ ምኑ እንደሰለቸው ይናገር፤ ያ የሰለቸው ነገር ነገ የናንተ ነው። ደግሞም ጥሎ እንዳይሄድ፤ ቢያንስ አንድ ወር ኮ-ሊደር ሆኖ አጠገባችሁ ይቆይ። እምቢ ካለ እናንተም እምቢ በሉ።

እምቢ ማለት ይከብደናል፤ አውቃለሁ። የኛ ሰው ግማሹን ሥራ የሚሸከመው በይሉኝታ ነው። «ምን ይሉኛል» ብሎ የተቀበለ ሰው ግን ሥራውን በደስታ አይሠራም፤ ሁለት ወር ሳይሞላውም ይጠፋል፤ ያን ጊዜ ክላኑ ሊደር ከሌለው ይብሳል። ቃሉን አሳጥሩት። «ጊዜ የለኝም፤ በኮ-ሊደርነት እረዳችኋለሁ» ይበቃል። ሰበብ መደርደር፣ እናቴ ታማለች፣ ስልኬ ተሰበረ ማለት አያስፈልግም።

ሰዓታችሁን በእውነት ቁጠሩት። እኔ ልጆቹን «በቀን ስንት ሰዓት ይወስዳል?» ብላቸው «ኧረ ትንሽ ነው» አሉኝ። መጫወቱ ትንሽ ነው። ሊደርነቱ ነው ብዙ። ማን አጠቃ፣ ማን ቀረ እያሉ ማየት፣ ያኮረፈን ማግባባት፣ የተሳደበን መገሠጽ፣ «ለምን አስወጣኸኝ» ለሚል መልስ መስጠት፤ ይኽ ሁሉ በጌሙ ሰዓት ላይ የሚቆጠር አይመስላቸውም። በጽሕፈት ቤት ሥራም እንዲሁ ነው፤ ቃለ ጉባኤ መጻፉ ግማሽ ሰዓት ነው፤ ሁለቱን ጎረቤቶች ማስታረቁ ነው ሳምንት የሚፈጀው።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ ከሆናችሁ እኔ በግልጽ እላለሁ፤ ፈተናው እስኪያልፍ አትቀበሉ። ትምህርቱ ብቻ አይደለም ምክንያቱ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ተፈታኝ ዩኒቨርሲቲ ግቢ እየገባ፣ እዚያው እያደረ ሲፈተን አይተናል፤ ስልክ ይዞ መግባትም አይፈቀድም። ሊደሩ ያን ያህል ቀን ድምፁ ሲጠፋ ክላኑን ማን ይይዘዋል? በ2011 ዓ.ም. ሰኔ በፈተናው ሰሞን ኢንተርኔት ጭራሽ ተቋርጦ እንደነበርም አትርሱ። መብራቱንስ ማን ይተማመናል! እንግዲህ በኛ አገር ሊደር የሚሆን ሰው፣ ተማሪ ይሁን አይሁን፣ ከሌላ ቦታ ሆኖ ሊተካው የሚችል ሁነኛ ምክትል ሳይኖረው መጀመር የለበትም። አንዱ ምክትል እዚህ፣ አንዱ ሪያድ ወይም ዋሽንግተን ቢሆን እዚህ ሲጠፋ እዚያ አለ። የዋሽንግተኑ ካለ ደግሞ የሌሊቱን ነገር እሱ ይዞት እናንተ ትተኛላችሁ።

ኃላፊነቱን ይዞ በደንብ የሚሠራ የለም ወይ ካላችሁ፣ አለ። በዚሁ ሰፈር አንዲት ልጅ አለች፤ የሒሳብ ሠራተኛ ናት፤ 40 ከሚያህሉ ሰዎች በላይ ሊደር ናት። አሠራሯን ሳይ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለማኅበራችን ብትገባ ብዬ ተመኘሁ። ጦርነት የምታስጀምረው ዓርብ ማታ ብቻ ነው፤ ስለዚህ እሑድ ማታ ያልቃል፤ የሥራ ቀን አይነካም። ጌሙ ውስጥ አባሉ «እሰለፋለሁ» ወይም «አልሰለፍም» ብሎ ምልክት የሚያደርግበት ቦታ አለ፤ አልሰለፍም ያለውን በግድ አታሰልፍም፣ አሰልፉኝ ብሎ የቀረውን ግን በሚቀጥለው ሳምንት ታሳርፈዋለች። ተጨማሪ ሜዳሊያውን እንዴት እንደምታድል ሊጉ ሳይጀመር በፊት ጽፋ ታሳውቃለች። ማን እንዳጠቃና ማን እንደቀረ የምትመዘግብበት ተራ ደብተር አላት፤ ተራ የደረሰውን ከደብተሩ ታነባለች። ያኮረፈ ካለ «ደብተሩን እይ» ነው መልሷ። በቃ። ክርክር የለም።

ይኽን ፈረንጆችም አጥንተውታል። ከዚህ በፊት ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት የሚባል፣ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ የኮምፒዩተር ጌም ነበረ፤ ዛሬም አለ። በዚያን ጊዜ 40 ሰው በአንድነት ለሰዓታት ተቀምጦ የሚዘምትበት ክፍል ስለነበረው ያንን ሁሉ ሰው የሚያስተባብር መሪ ያስፈልግ ነበር። አይቢኤም የተባለው ትልቅ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2007 በዚህ ዓይነት ጌሞች ስላለ አመራር አንድ ጥናት አስወጥቷል፤ በ2008 ደግሞ ሃርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው የተባለው መጽሔት በዚሁ ላይ ጽፏል። ልጆቹ አንብበው ከተረጐሙልኝ ውስጥ አንዱ ልቤ ገባ። በጌም ውስጥ መሪነት ቋሚ ወንበር አይደለም፤ አንዱ ለአንድ ዘመቻ ይመራል፤ ከዚያ ወርዶ ሌላውን ይከተላል፤ በዚህም ማንም አያፍርም ይላል። እኛ ጋ ከሊቀመንበርነት የወረደ ሰው ስብሰባ መምጣቱን ሲያቆም አይታችሁ የለ?

ስለሆነም የምትቀበሉ ልጆች ከመጀመሪያው ቀኑን ቁረጡ። «እስከ ፋሲካ እመራለሁ፤ ከዚያ ሌላ ይምረጥ» በሉ። ክላኑም ያውቀው፣ ቤተሰባችሁም ይወቀው። ቀኑ ሲደርስ ደስ እያላችሁ ከሆነ ይታደሳል።

በዚሁ አጋጣሚ አንድ ነገር ላርም። «የክላን ሊደር ከሆንኩ ሥራ አገኛለሁ» የሚል ወሬ ሰምቻለሁ። ዋየርድ የሚባለው የአሜሪካ መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2006 በወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ቡድን ይመራ ስለነበረና በትልቅ ኩባንያ ስለተቀጠረ ሰው ጽፎ ነበር። ሰውዬው ግን ሌላ ብዙ ሙያ ነበረው። ወረዳ ሄዳችሁ «ሊደር ነበርኩ» ብትሉ ፎርም የሚሰጣችሁ የለም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይባላል፤ በዚህ ሹመት ግን የሚበላ ነገር የለበትም፤ ይኽን አውቃችሁ ግቡ።

ስለ ገንዘብ አጭር ቃል። «ለሽልማት፣ ለዕቃ መግዣ እናዋጣ» ተብሎ በሊደሩ ቴሌብር ገንዘብ የሚሰበሰብበት ክላን እንዳለ ሰምቻለሁ። ዕድሜው ላልደረሰ ልጅ ይኽ ፈጽሞ አይሆንም። የሕዝብ ገንዘብ ያለ ደረሰኝና ያለ ሁለተኛ ፈራሚ አይያዝም፤ ብሩ 200ም ይሁን 20ም። ለአዋቂም ቢሆን የምመክረው መዋጮ የሌለበትን ክላን ነው። እንደዚሁም «አካውንትህን ስጠኝና እኔ ላጥቃልህ» ለሚል አትስጡ፤ አካውንት ለሌላ ማስተላለፍም ሆነ መሸጥ በኩባንያው ደንብ የተከለከለ ነው።

ወላጆች «ልጄ በዚህ ነገር ታሞ ይሆን?» ብላችሁ ለምትጨነቁ፤ የዓለም ጤና ድርጅት የጌም ሱስን ከበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል፤ ዝርዝሩም እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ይሠራበታል። የሚጫወት ሁሉ ታማሚ ነው አላለም ግን። ልጁ ራሱን መግታት ሲያቅተው፣ ጌሙ ከምግቡም ከትምህርቱም ከወዳጁም ሲቀድምበት፣ ጉዳቱን እያየም ሲቀጥል፣ ይኽም እንደ ደንቡ አንድ ዓመት ያህል ሲቆይ ነው። እንዲህ የሆነ ልጅ ካለ ጉዳዩ የሐኪም ነው፤ የኮሚቴ አይደለም። እንዲህ ላለው ልጅ ሊደርነት መስጠትም ሆነ መቀበል ለጊዜው አይታሰብም።

የ12ኛ ክፍሉ ልጅ ነገር እንዴት ሆነ ላላችሁ፤ ከአባቱ ጋር ባለፈው እሑድ ቢሮ ተገናኝተን ነበር። አባት ስልኩን መልሰዋል። ልጁም ሊደርነቱን ሪያድ ላለው ምክትል አስረክቦ እስከ ፈተናው ኮ-ሊደር ሆኖ ለመቆየት፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላም ስልኩን ሳሎን ለማሳደር ተስማምቷል። አባት «ከፈተናው በኋላስ?» ተብለው ሲጠየቁ «ያኔ እናያለን» ነው ያሉት። ልጁ እሺ ይሆናል ያሉት መስሎታል፤ እኔ እንኳ እርግጠኛ አይደለሁም።

ከላይ ያነሣኋት ልጅ የደብተሯን አያያዝ ለማሳየት ፈቃደኛ ስለሆነች፣ ሊደር የሆነ ወይም ሊሆን ያሰበ ወጣት ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት በማኅበሩ ቢሮ ቢመጣ ያገኛታል። ወላጅም መምጣት ይችላል። ደብተሩን ግን ይዞ መውጣት አይቻልም።